አዲሱ የሽቦ ጊታር ወይስ ያገለገለው ናይለን? ድሬና ሐረር ላይ በራሱ ለሚማር ጀማሪ

«ጊታር በራሴ ልማር ነው፤ የቱን ልግዛ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጊታር አይቶ ነው የሚመጣው። አንዱ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የተሰቀለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ስሙ የማይታወቅ አዲስ የሽቦ ክር ቦክስ ጊታር ነው፤ ቦርሳ፣ ማንጠልጠያና ፒክ (ክር መምቻ) ተጨምሮለታል። ሌላው ሰው ቤት ያለ፣ ፊቱ የተጫጫረ፣ ናይለን ክር ያለው ያማሃ ሲ 40 ነው። ቦርሳ የለውም፤ እንዲያም ሆኖ ዋጋው ከአዲሱ ይበልጣል። ጠያቂው ልቡ ያረፈው አዲሱ ላይ ነው።

መልሱ ያገለገለው ናይለን ነው። ብሩ ካልሞላ ሁለት ወር አጠራቅሞ እሱኑ መግዛት ይሻላል፤ ባለው ብር ብቻ ተብሎ አዲሱ አይነሣም።

ይህ የድምፅ ምርጫ ጉዳይ አይደለም። በራሱ የሚማር ሰው አጠገቡ አስተማሪ የለም። ክሩ ዝዝ ሲል፣ ኮርዱ (ባንድ ላይ የሚመቱት ድምፆች) ጆሮ ሲቆረቁር፣ ጣቱ ሲላጥ፣ ጥፋቱ የጣቱ ይሁን የጊታሩ የሚነግረው የለም። ስለዚህ ሁልጊዜ ራሱን ይወቅሳል፤ በሁለተኛው ወር «እኔ ለሙዚቃ አልሆንም» ብሎ ጊታሩን ቁም ሣጥን ላይ ይሰቅለዋል። አስተማሪ ያለው ተማሪ መጥፎ ጊታር ይዞም ይማራል፤ ብቻውን የሚማር ግን መሣሪያው የማይዋሸው መሆን አለበት።

ዋጋው

ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ፣ ጓደኛ ድሮ የገዛበትን ዋጋ ይዞ መከራከር አያዋጣም። ያገለገለ ዕቃም አብሮ ጨምሯል። የሚሻለው በገዛችሁበት ቀን የከፈላችሁትን ሳይሆን በዓመቱ መጨረሻ ከኪሳችሁ የወጣውን ማስላት ነው። ለስሌት ያህል ብቻ፣ አዲሱ 7,000 ብር ያገለገለው 10,000 ብር ተጠየቀ እንበል።

አዲሱ አብሮት የመጣው ክር ወፍራምና ሻካራ ስለሆነ በቀጭን መቀየር አለበት፤ 900 ብር ያዙለት። ክሩ ከአንገቱ በጣም ከፍ ብሎ ስለሚመጣ ማስተካከያ ያስፈልገዋል፤ 1,000 ብር። እስካሁን 8,900 ደረሰ። በዓመቱ ስሙ የማይታወቅ ጊታር ልሽጥ ቢባል 3,000 ብር የሚሰጥ ከተገኘ ጥሩ ነው። የጠፋው 5,900 ብር ሆነ ማለት ነው። ያገለገለው ሲ 40 ደግሞ በ10,000 ተገዝቶ 900 ብር ለክር ቢጨመርበት፣ በዓመቱ በ9,500 ቢሸጥ የጠፋው 1,400 ብር ነው። ቁጥሮቹን ከተማው ውስጥ ባገኛችሁት ዋጋ ቀይሯቸው፤ የልዩነቱ አቅጣጫ አይቀየርም። ስም ያለው ጊታር የመጀመሪያውን የዋጋ ውድቀት የከፈለለት ሰው አለ፤ እናንተ ሁለተኛ ገዢ ናችሁ።

ስትከራከሩ ለቦርሳ፣ ለማንጠልጠያ፣ ለፒክና ለማብረቂያ ቀለም አንድም ብር አትጨምሩ። ክሩ የጠቆረ ከሆነ የአንድ ሙሉ ክር ዋጋ ይቀነስ። የናይለን ጊታር መቃኛ ቁልፍ ሦስት ሦስቱ በአንድ ብረት ላይ የተያያዘ ስለሆነ፣ አንዱ ከተበላሸ የሚለወጠው አብሮት ያለው ሁሉ ነው፤ የዚያን ዋጋ ቀንሱ። ብሪጁ፣ ማለትም ክሮቹ የሚታሰሩበት እንጨት፣ ከገበታው (ከሣጥኑ ፊት) መነሣት ከጀመረ ግማሽ ዋጋ፤ ከዚያ በላይ ከተጠየቀ ትታችሁ ሂዱ። አንገቱ፣ መቃኛዎቹ ካሉበት ከጊታሩ ራስ ሥር፣ ተሰብሮ በኮላ የተጣበቀ ጊታር በነፃ ቢሰጥም ለጀማሪ አይሆንም።

ክሩ የሚጎትተው ክብደት

የሁለቱ ትልቁ ልዩነት ይኸው ነው። ተራ የሽቦ ክር፣ 12-53 የሚባለው (ቁጥሮቹ የቀጭኑና የወፍራሙ ክር ውፍረት ናቸው፣ በኢንች ሺኛ)፣ ስድስቱ ተደምረው ከ70 ኪሎ በላይ ይጎትታሉ። ናይለን 40 ኪሎ አካባቢ ነው። በጥሩ እንጨት ለተሠራ ጊታር 70 ኪሎ ምንም አይደለም። ገበታው ተራ ኮምፔንሳቶ፣ ውስጡ ያለው ድጋፍ ቀጫጭን፣ ኮላው የተቆጠበበት ጊታር ግን ከዚያ ጉተታ ጋር ድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ ሲቀመጥ ሆዱ ከብሪጁ በስተኋላ ያብጣል፣ አንገቱም ወደ ፊት ይጎብጣል። ያኔ ክሩ ከፍ ይላል፤ ተማሪው አብዝቶ ይጫናል፤ አብዝቶ የተጫነ ክር ይወጠራል፤ የተወጠረ ክር ድምፁ ወደ ላይ ይሄዳል። ቱነሩ (የቅኝት መለኪያው) ትክክል ያለው ጊታር ኮርድ ሲያዝበት የሚበላሸው ለዚህ ነው።

ሐረር ከድሬ በብዙ መቶ ሜትር ከፍ ስለሚልና ስለሚቀዘቅዝ ችግሩ ይቀንሳል። ነገር ግን በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚመላለስ ጊታር በደረሰበት ሁሉ እንደገና መቃኘቱ አይቀርም።

ሻጩ ፊት በአምስት ደቂቃ

መጫወት አትችሉም፤ ስለዚህ ከጆሯችሁ በፊት ኪሳችሁን ተጠቀሙ። የኤቲኤም ካርድ ውፍረት 0.76 ሚሊሜትር ነው፤ የሁሉም ባንክ አንድ ነው። ከጓደኞቻችሁ ስድስት ካርድ ሰብስቡ።

12ኛው ፍሬት ላይ (ፍሬት አንገቱ ላይ በአግድም የተተከለችው ቀጭን ብረት ናት፤ የምትቆጠረው ከአንገቱ ጫፍ ነው)፣ በወፍራሙ ክርና በፍሬቱ መካከል ካርዶቹን ደራርባችሁ አስገቡ። በሽቦ ጊታር ሦስት ካርድ ገብቶ አራተኛው ክሩን ካነሣው ጥሩ ነው። አምስት ካርድ እንደልቡ ከገባ ያ ጊታር ጣት ይገድላል። በናይለን አምስት ገብቶ ስድስተኛው ክሩን ቢያነሣ ትክክል ነው፤ ናይለን ሲመታ ሰፋ አድርጎ ስለሚንቀጠቀጥ ቦታ ይፈልጋል። ቀጥሎ 1ኛው ፍሬት ላይ ሞክሩ። ሁለት ካርድ ሳይነካካ ካለፈ ነቱ፣ ማለትም በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ የሚያርፉባት ነጭ ቁራጭ፣ ከፍ ብላለች።

አንገቱን ለማየት አንዱን ክር 1ኛውና 12ኛው ፍሬት ላይ ባንድ ጊዜ ተጫኑ። 6ኛው ፍሬት ላይ የሚቀረው ክፍተት አንድ ሁለት ወረቀት የሚያስገባ ይሁን። ካርድ ሳይነካ ካለፈ አንገቱ ጎብጧል። ሲ 40 አንገቱ ውስጥ የሚስተካከል ብረት ስለሌለው የጎበጠውን ማቃናት አይቻልም፤ ስሙን አይታችሁ አትግዙት። አዲሱ የሽቦ ጊታር «ትረስ ሮድ አለው» (ያ የሚስተካከለው ብረት ማለት ነው) ቢባል ሽፋኑን አስፈቱና ብሩጎላ የሚገባበትን ቀዳዳ እዩ፤ ሽፋን ብቻ ኖሮት ሥሩ ባዶ የሆነ አለ።

ሜትር ደግሞ ያስፈልጋል። ሐረር ከሆናችሁ መኪና ግርግር ካሉት ልብስ ሰፊዎች አንዱን ለደቂቃ መዋስ ነው። ከነቱ እስከ 12ኛው ፍሬት ለኩ፣ ከዚያም ከ12ኛው ፍሬት ብሪጁ ላይ ክሩ እስከሚያርፍበት ነጭ ዘንግ፣ እስከ ሳድሉ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው እኩል ወይም ሁለት ሦስት ሚሊሜትር በለጥ ያለ መሆን አለበት። ካነሰ ብሪጁ የተለጠፈው ያለቦታው ነው፤ ይህን የሚያስተካክል ክር የለም።

ከሁሉ የምወደው ግን የትዝታ ፈተና ነው። ስልክ ላይ ባለ ነፃ ቱነር ስድስቱንም ክር አስቃኙና ይህን ቅደም ተከተል አንድ በአንድ ምቱ (ክር የሚቆጠረው ከቀጭኑ ነው)፦ 5ኛው ክር 3ኛ ፍሬት፣ 4ኛው ክር ባዶ፣ 4ኛው ክር 2ኛ ፍሬት፣ 3ኛው ክር ባዶ፣ 3ኛው ክር 2ኛ ፍሬት፣ 2ኛው ክር 1ኛ ፍሬት። የወጣው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ ነው፤ ትዝታ ሜጀር። ይህን ቅኝት ከሕፃንነታችን ስንሰማው ስላደግን ጆሯችን ሳይማር ያውቀዋል። ከስድስቱ ሁለቱ ባዶ ክር ናቸው፣ አራቱ የተጫኑ። ነቱ ከፍ ያለ ጊታር ላይ ባዶዎቹ ልክ ሆነው የተጫኑት ብቻ ወደ ላይ ስለሚሸሹ ትዝታው ይጣመማል። ጆሯችሁ «የሆነ ነገር» ካላችሁ እመኑት። ለማረጋገጥ እያንዳንዱን ክር 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ቱነሩን እዩ፤ መርፌው ከመሐል ከ10 ሴንት (የቱነሩ መለኪያ) በላይ ከራቀ ተዉት።

የሚታረመውና የማይታረመው

ክሩ ከፍ ያለ ጊታር ሁሉ አይጣልም። ሳድሏን እዩ። ከብሪጁ በላይ አራት ሚሊሜትር ያህል ብቅ ካለች ቦታ አለ ማለት ነው። ክሮቹን አላልታችሁ አውጧት፣ ከታች በኩል በእርሳስ መስመር አድርጉ፣ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ብርጭቆ ወረቀት ዘርግታችሁ ከሥሯ ብቻ ፈግፍጉ። 12ኛው ፍሬት ላይ አንድ ሚሊሜትር ለመቀነስ ከሳድሏ ሁለት ሚሊሜትር መውረድ አለበት። ጥቂት ፈግፍጎ መልሶ መሞከር ነው፤ የበዛ ፍግፈጋ አይመለስም። ሳድሏ አስቀድማ ከብሪጁ እኩል ሆና ክሩ ግን አሁንም ከፍ ካለ፣ ችግሩ አንገቱ ከሣጥኑ ጋር የተጋጠመበት ማዕዘን ነው። በርካሽ ጊታር ላይ ያንን ማሠራት ከጊታሩ ዋጋ ይበልጣል።

የፍሬቶቹ ጫፍ እጅ የሚጭር ከሆነ አትደንግጡ። በደረቅ አየር እንጨቱ ሲኮማተር ብረቱ ብቅ ይላል፤ በለስላሳ ሞረድ ጥግ ጥጉን ማለዘብ ይበቃል።

ሐሰተኛው ያማሃ

ያማሃ ስለሚፈለግ ይኮረጃል፤ ኤፍ 310 የሚባለው የሽቦ ጊታር በተለይ። ምልክቱ ሦስት የተቆላለፉ የመቃኛ ሹካዎች ናቸው፤ ሹካዎቹን ቁጠሩ፣ ፊደላቱን አንድ በአንድ አንብቡ። በጥፍር ስትጭሩት የሚላጥ ስም አትመኑ። በድምፅ ቀዳዳው በኩል በስልክ መብራት ውስጡን እዩ፤ የሞዴሉ ስም ያለበት ወረቀት ይኖራል። ከዚያም መብራቱን ወደ ብሪጁ ሥር መልሱ። የፈሰሰ ኮላ፣ ያልተላገ ድጋፍ፣ የሚንኳኳ ቁራጭ ካያችሁ ስሙ ምንም ቢል ዋጋው የስም የለሽ ዋጋ ነው።

የሽቦው ተራ

የሽቦ ጊታር የሚገባው ሰው አለ። በፒክ እየመታ መዘመር ብቻ የሚፈልግ፣ ወይም እጁ ትንሽ የሆነ። የሲ 40 አንገት ነቱ ላይ 52 ሚሊሜትር ይሰፋል፤ ኤፍ 310 ግን 43 ነው፤ ለትንሽ እጅ ልዩነቱ ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ሰውም ቢሆን ስም የለሹን አዲስ ትቶ ያገለገለ ትክክለኛ ኤፍ 310 ይፈልግ፤ 10-47 ክርም ያስገባበት። ላብ በሚበዛበት ድሬዳዋ የሽቦ ክር ቶሎ ይዝጋልና ከተጫወቱ በኋላ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ግድ ነው።

አንድ ስህተት ግን ደግሜ ደጋግሜ እከለክላለሁ። የናይለን ክር ሲበጠስ ሱቁ ያለው የሽቦ ብቻ ይሆንና «ያው ክር ነው» ተብሎ ይገባል። 40 ኪሎ እንዲሸከም የተሠራ ብሪጅ ላይ 70 ኪሎ ማሰር ነው፤ ውሎ አድሮ ብሪጁ ከነገበታው ሊገነጠል ይችላል። ስለዚህ ናይለኑን የገዛችሁ ቀን ሁለተኛ ክርም ግዙ፤ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካለ አስመጡ።

ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ፣ ወይም ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አታስቀምጡት፤ ኮላው ይለሰልሳል። በደረቁ ወራት፣ ቦርሳው ውስጥ ቀዳዳ ባለው የሳሙና ማስቀመጫ በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ስፖንጅ ብታደርጉለት እንጨቱ አይሰነጠቅም።

አዲስ ናይለን ክር አንድ ሳምንት ያህል ሲለጠጥ ይቆያል፤ በየሩብ ሰዓቱ መውረዱ የጊታሩ ጉድለት ስላልሆነ ወደ ሻጩ ይዛችሁ አትሩጡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀጭኑ ክር ብቻ መውረዱን ከቀጠለ ብሪጁ ላይ ያለውን አስተሳሰሩን እዩ። ወፍራሞቹ አንድ ዙር ይበቃቸዋል፤ ለስላሶቹ ሦስቱ ሁለት ሦስት ጊዜ መጠምጠም አለባቸው፣ የመጨረሻው ጥምጥምም ከብሪጁ ጠርዝ በስተኋላ ወርዶ መያዝ አለበት። ላይ ላዩን ከተያዘ ይንሸራተታል።