የእማዬን ደም ሥር እንደ እንቁላል ለያዘው ሐኪም

እማዬ በሳምንት 3 ቀን ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ትሄዳለች። ስትጀምር በአንገቷ በገባ ቱቦ ነበር። ቱቦው ለኢንፌክሽን ስለሚያጋልጥ ክንዷ ላይ ፊስቱላ ይሠራላት ተባለ። ፊስቱላ ስል ብዙዎቻችሁ የሐምሊን ሆስፒታል ትዝ ይላችኋል። ይሄ ሌላ ነው። የክንድን ደም ቅዳ ከደም መልሱ ጋር ማገናኘት ነው። ደም መልሱ ኃይለኛውን ግፊት ሲለምድ ይሰፋል፤ ከሳምንታት በኋላ የዲያሊሲሱን መርፌ ይችላል።

የመጀመሪያው ሌላ ቦታ ተሠርቶላት በ5ኛው ቀን ዘጋ። ሲሠራላት በብርድ ስትንቀጠቀጥ ነበር። ምን እየተደረገላት እንደሆነም የነገራት አልነበረም። «ሁለተኛ አልነካም» አለች። አልፈረድኩባትም።

ወደዚህ ሐኪም የመሩን አብረዋት ዲያሊሲስ የሚያደርጉ አባት ናቸው። እግዜር ይስጥልን።

መጀመሪያ የጠየቃት፣ «እማማ፣ ቡና የሚቀዱት በየትኛው እጅ ነው?» ብሎ ነው። በቀኝ ስትለው ግራ ክንዷን በአልትራሳውንድ ደጋግሞ አየ። የደም ሥሮቿን ስፋት ለካ። ከክርኗ አጠገብ ጥሩ አገኘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ክንድ ደም እንዳይቀዳ፣ ግፊትም እንዳይለካ አዘዘ።

በቀጠሮው ቀን ሙሉ ሰመመን አልሰጧትም። ክንዷን ብቻ የሚያደነዝዝ መርፌ ነው የወጋት የሰመመን ባለሙያው። ለካ ያ መርፌ ደም ሥሩንም ያፍታታዋል። ብርድ ደግሞ ስለሚያኮማትረው ሲስተሯ በደንብ አለበሰቻት። ሌላኛውን እጇን ይዛ «አሁን በክር እየሰፋ ነው፣ አሁን ሊጨርስ ነው» እያለች ነገረቻት። እማዬ እስከ ዛሬ የምታወራው ስለዚያች እጅ ነው።

በኋላ ሐኪሙን ምን የተለየ ነገር እንዳደረገ ጠየቅኩት። የደም ሥር ውስጠኛ ግድግዳ በጣም ስስ ነው አለኝ። በመቆንጠጫ ከተጨመቀ ይቆስላል፤ ደሙም የቆሰለው ቦታ ላይ መርጋት ይጀምራል። ስለዚህ የሚይዘው የውጭውን ሽፋን ብቻ ነው። በዙሪያው ያለውን ሥጋም ከሚያስፈልገው በላይ አይገፍም። ውስጡን ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መድኃኒት) ባለበት ፈሳሽ ያጥበዋል። የሚሰፋው በማጉያ መነጽር ሆኖ፣ ፀጉር በሚያክል ክር ነው። ይህን ሲያስረዳኝ በር ላይ ሰው እየጠበቀው ነበር፤ ግን አላጣደፈኝም።

ይሄኛውም ሊዘጋ እንደሚችል አስቀድሞ በግልጽ ነግሮናል። አልዘጋም። ይኸው 4ኛ ወሩ። ክንዷን ስትነኩት ውስጡ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። የልጅ ልጆቿ በየተራ ጆሯቸውን ይለጥፉበታል። የአንገቷም ቱቦ ወጥቶላታል።

ዶክተር፣ ሲስተር፣ የሰመመን ባለሙያው፣ እጃችሁ ይባረክ። እማዬ ጠዋት ጠዋት ስትጸልይ ስማችሁን ትጠራለች።

ሐኪሙ ስሙን አደባባይ ላይ እንዳላወጣ ለምኖኛል። ሐኪም ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እነግራችኋለሁ። የድሮ ውጤት ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ግማሽ ቀንም ያዙለት፤ አንዱን ታካሚ ሳይጨርስ ሌላ አያስገባም።