አመስግኑልኝ፤ የኔትዎርክ ባለሙያ ለምትፈልጉም ጥቆማ

ሁለት ቀን ሙሉ እንቅልፍ ያሳጣንን ችግር በአንድ ከሰዓት የፈታችልንን ባለሙያ ሳላመሰግን ማለፍ አልቻልኩም።

አፕሊኬሽናችንን ወደ ክላውድ አዛውረን ነበር። ሰርቨሩ ውስጥ ገብተን ስንሞክረው ይሰራል። እዛው ሰብኔት (የኔትዎርኩ አንድ ክፍል) ውስጥ ካለ ሌላ ማሽንም ይሰራል። ከውጭ ሲሆን ግን ገጹ ይዞራል፣ ይዞራል፣ በመጨረሻ «ታይም አውት» ብሎ ይቆማል። የደንበኞች ስልክ ፋታ አልሰጠንም። ተደናግጠን የሴኪዩሪቲ ግሩፑን (የሰርቨሩን ፋየርዎል) ፖርቶች፣ ማለትም የግንኙነት በሮቹን፣ አንድ በአንድ ከፈትን፤ የዳታቤዙን 5432 ሳይቀር ለዓለም ሁሉ። ያም ሆኖ ለውጥ የለም።

እሷ ገና ስትጀምር «ወዲያው እምቢ ይላል ወይስ ዝም ብሎ ይቆያል?» ብላ ጠየቀችን። ልዩነቱ የገባኝ ያኔ ነው። ወዲያው «ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ» ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው ማሽኑ ጋ ደርሷል፤ በዚያ ፖርት የሚያዳምጥ ፕሮግራም ግን የለም። ዝም ካለ አንድ ቦታ ላይ ፓኬቱ (የተላከው የዳታ ጥቅል) እየተጣለ ነው ብሎ መጠርጠር ነው።

ከዚያ ምንም ሳትከፍት እኛ የከፈትነውን ዘጋች። 5432ን ከአፕሊኬሽኑ ሰርቨር በስተቀር፣ ሰርቨሩን ከርቀት የምናስተዳድርበትን 22ን ደግሞ ከቪፒኤናችን (ከግል መስመራችን) አድራሻ በስተቀር ለማንም። እኔን የማረከኝ ይሄ ነው። ደንበኛ እየጮኸብን እንኳን ለጥንቃቄ ጊዜ ሰጠች።

ቀጥላ ሰርቨሩ ላይ ቲሲፒደምፕ (የሚገባና የሚወጣውን ፓኬት የሚያሳይ ፕሮግራም) አስነሳችና ገጹን ከስልኬ እንድከፍት ነገረችኝ። መስመሮቹ መውረድ ጀመሩ። ከስልኬ የመጣው ሲን (የ«እንገናኝ» ጥያቄ) ይታያል። ሰርቨሩ የመለሰው ሲን-አክም (የ«እሺ» መልስ) ይታያል። ደግሞ ያው ሲን፣ ያው ሲን-አክ። ከስልኬ መምጣት የነበረበት አክ (የ«ደርሶኛል» ማረጋገጫ) ግን የለም። «አያችሁ፣ ጥያቄው ገብቷል። መውጫ ያጣው መልሱ ነው» አለችን።

ጥፋቱ ሰብኔቱ ላይ ባስቀመጥነው ኔትዎርክ ኤሲኤል (ወደ ሰብኔቱ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚፈቅድ ወይም የሚከለክል የደንብ ዝርዝር) ነበር። ሴኪዩሪቲ ግሩፕ የፈቀደውን ግንኙነት ስለሚያስታውስ መልሱን በራሱ ያሳልፋል። ኤሲኤል አያስታውስም፤ መውጫውም ለብቻው መፈቀድ አለበት። እኛ በመውጫ በኩል የፈቀድነው የድረ-ገጽ ፖርት የሆነውን 443ን ብቻ ነው። መልሱ የሚሄደው ደግሞ ስልኬ ለጊዜው ወደመረጠው ከፍ ያለ ፖርት ነው። ከ1024 እስከ 65535 ላለው መውጫ ፈቀደች፤ ገጹ ተከፈተ። እዛው ሰብኔት ውስጥ ይሰራ የነበረውም ኤሲኤል የሚፈትሸው ከሰብኔቱ የሚወጣና ወደሱ የሚገባውን ብቻ ስለሆነ ነው።

ማታውኑ እያንዳንዱ ፖርት ለማን፣ ለምን እንደተከፈተ የሚገልጽ አጭር ሰነድ ላከችልን። ይህን ማንም አልጠየቃትም።

እግዚአብሔር ይስጥልን እህታችን። ልታሰሯት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ስትደውሉላት ግን ስክሪኑ ላይ የወጣውን የስህተት መልእክት እንዳለ ገልብጣችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።