ከእናታችሁ ጋር ባሕር ዳር የምትሄዱ፣ «ሙሉ ፓኬጅ» ሲሏችሁ ቀብድ አትላኩ

ከእናታችሁ፣ ከእህታችሁ ወይም ከሴት ጓደኞቻችሁ ጋር ባሕር ዳር ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ። በቴሌግራም «ሙሉ የጣና ገዳማት ጉብኝት» እየተባለ የሚሸጥ ፓኬጅ አለ። ውስጡ ካሉት ገዳማት ሁለቱ ሴት አይገባባቸውም። ሻጩ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ለሴቶች ሲሸጥ ግን ትንፍሽ አይልም።

እኔና እናቴ የገዛነው ይህንኑ ነው። ዝርዝሩ ላይ ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነበሩ። ሁለታችንም ሴቶች መሆናችንን በስልክ ነግሬዋለሁ። እናቴ ለገብርኤል ስለት እንዳለባትም ነግሬዋለሁ። «እንግዲያው ከክብራን እንጀምራለን፣ እማማን ደስ እናሰኛቸዋለን» ነበር መልሱ። ቀብዱን በቴሌብር ተቀበለ። ቀሪውን ደግሞ ጀልባው ሳይነሳ አስከፈለን።

እናቴ የስለት ጃንጥላዋን ሻንጣ ውስጥ ይጨማደድብኛል ብላ፣ በነጠላ ጠቅልላ ከአዲስ አበባ ጀምሮ በእጇ ይዛው ነው የመጣችው። ክብራን ስንደርስ ጀልባ ነጂው ሞተሩን አጠፋና ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «እናቴ፣ እዚህ ሴት አይወጣም እኮ። አልነገሯችሁም እንዴ?» አላት። ልጁ ራሱ አፈረ። እሱ ምን ያድርግ፣ ተቀጥሮ የሚነዳ ነው።

በገዳሙ ሥርዓት ላይ አንዳች ቅሬታ የለኝም። ክብራንም ዳጋም የወንዶች ገዳም ናቸው፣ ሥርዓታቸውም ይከበር። የሚያናድደው ያንን ሥርዓት እያወቀ ለእናት የሚሸጠው ሰው ነው።

እናቴ አልተቆጣችም። ውሃው ዳር ቆማ ነጠላውን ፈታችና ጃንጥላውን ዘረጋችው። ቀይ ከፈይ ነው፣ ዙሪያው ወርቃማ ዘርፍ አለው። ትንሽ ቆይቶ አንድ አረጋዊ መነኩሴ በዛፎቹ መሃል ቀስ እያሉ ወረዱ። ምንም አልጠየቁም። ጃንጥላውን ተቀበሏት፣ መስቀል አሳለሟት፣ ክርስትና ስሟን ጠይቀው ሄዱ። እናቴ እስክንመለስ ድረስ ፊቷ በርቶ ነበር። እኔ ያን ጊዜ አለቀስኩ። ይህን ግን ደላላው አልሸጠልንም፣ የእሱ ውለታ አድርጎም እንዳይቆጥረው።

ዳጋ ደግሞ ጭራሽ አልደረስንም። ሊደረስም አይችልም ነበር። ዳጋ ሐይቁ መሃል፣ ደቅ ደሴት አጠገብ ነው። በትንሽ ጀልባ ለመድረስ ብቻ ሰዓታት ይፈጃል። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ንፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ክብራንን፣ ዳጋንና ኡራን በግማሽ ቀን አዳርስሻለሁ የሚላችሁ ሰው ገና ከመነሻው እየዋሻችሁ ነው።

ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሴትም ወንድም ይገባል። እዚያ ደግሞ «ሁሉም ተካቷል» ተብለን የመግቢያውን እንደገና ከኪሳችን ከፈልን። ቢሆንም ኡራ ያለበት የዘጌ ልሳነ ምድር አያስቆጭም። ከወደቡ በቡና ዛፎች ጥላ ሥር እየተራመዳችሁ ነው የምትወጡት። ውስጥ የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል የተሞላ ነው። እናቴ የበላዔ ሰብእ ሥዕል ፊት ቆመችና ታሪኩን ትነግረኝ ጀመር፤ ያንን ሁሉ ሰው የበላው ሰው ለተጠማ ድሃ በሰጠው ጥርኝ ውሃ በእመቤታችን ምልጃ እንዴት እንደዳነ። አስጎብኚው ወጣት የራሱን ገለጻ አቁሞ ዝም ብሎ ይሰማት ገባ። እናቴን እንደዚያ ስታወራ አይቻት አላውቅም።

ስለ ጢስ ዓባይ ባጭሩ ልንገራችሁ። የላኩልን ፎቶ የክረምት ማብቂያ ፎቶ ነው። እኛ የሄድነው በግንቦት ነው፤ ውሃው በአንድ ጎን ቀጥኖ ይወርዳል። የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ በ2002 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከጣና ከሚወጣው ውሃ ብዙው ወደ በለስ ወንዝ ነው የሚሄደው። ፏፏቴውን በግርማው ማየት የምትፈልጉ በነሐሴና በመስከረም ሂዱ። በበጋ የሚሸጥላችሁ ካለ የዚያን ሳምንት ቪዲዮ ላክልኝ በሉት።

ስንመለስ ደውዬ ገንዘቤን ስጠይቅ «ደሴቱን አይታችሁታል እኮ» አለኝ። ደረሰኝ ስለው ስልኩን ዘጋው። በጣም ያንገበገበኝ ደግሞ ሌላ ነው። ሴቶች የሚገቡበት እንጦስ ኢየሱስ ከክብራን አጠገብ ነው። አልፈነው ሄድን፣ በዝርዝሩ ውስጥ ስላልነበረ ማንም አላወረደንም።

ስለዚህ ፓኬጅ አትግዙ፤ የገዳማቱን ስም እየጠራችሁ ተዋዋሉ። እንጦስ ኢየሱስን፣ ኡራን፣ አዝዋ ማርያምን ጥሩ። ሙሉ ቀን ካላችሁና በጠዋት ከተነሳችሁ ደቅ ላይ ያለው፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴም ለሴቶች ክፍት ነው። የመግቢያ ክፍያው በሒሳቡ ውስጥ ይኑር አይኑር በጽሑፍ ያስቀምጥላችሁ። የሚቻል ከሆነ ወደቡ ድረስ ሄዳችሁ ከጀልባ ነጂው ጋር ፊት ለፊት ተነጋገሩ፤ ቀሪውን ሒሳብ ባሕር ዳር ተመልሳችሁ ከጀልባው ስትወርዱ ክፈሉ።