ቢራው በሰዓቱ ደረሰ፤ የተረከበው ግን የ14 ዓመት ልጅ ነው

ባለፈው እሁድ የወንድሜን ምርቃት እቤት አከበርን። ደሴ ውስጥ መጠጥ እቤት ድረስ ከሚያመጡት አንዱ ጋ በቴሌግራም አዘዝኩ። 3 ሳጥን ቢራ፣ 2 ጠርሙስ ወይን፣ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችንና ለማይጠጡት ዘመዶች ደግሞ 2 ሳጥን ለስላሳ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ችግሩ የእነሱ ብቻ አይመስለኝም።

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። ሸዋ በር ያለውን የእኛን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ባጃጁ ግን በ40 ደቂቃ ውስጥ በራችን ላይ ቆመ። አንድ ጠርሙስ አልተሰበረም። ክፍያው በቴሌብር ነው። ዋጋው ከግሮሰሪ ትንሽ ይበልጣል፣ ቢሆንም አላማርርም። በማግስቱ መጥተው ባዶውን ቆጠሩና ለጠርሙስ ያስያዝኩትን ብር ሳያጓትቱ መለሱልኝ።

ያናደደኝ ርክክቡ ነው። እኔ ኬክ ላመጣ ፒያሳ ወርጃለሁ። በሩን የከፈተው የእህቴ ልጅ ነው፣ 14 ዓመቱ። ሾፌሩ «አብሽር፣ ተቀበለኝ» ብሎ ሳጥኑን ሰጠው። ስመለስ ልጁ የመጨረሻውን ሳጥን ሆዱ ላይ አስደግፎ ደረጃውን ይወጣል። ደረሰኙ ላይ ደግሞ በዚያ በደብተር ፊደሉ ሙሉ ስሙን ከነአባቱ ጽፎ ፈርሟል።

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ደውዬ ይህንን ስነግራቸው «እህቴ፣ የከፈልሽው አንቺ ነሽ፣ ልጁ ተቀበለ እንጂ አልገዛም» አሉኝ። እሺ፣ የከፈልኩት እኔ ነኝ። ግን እኔ መሆኔን በምን አወቁ? ሳዝ ዕድሜዬን የጠየቀኝ የለም። ያው ልጅ የእናቱን ስልክ አንስቶ ቢያዝ፣ በቴሌብር ቢከፍልና በር ላይ ቢጠብቃቸው ምን ያግደው ነበር? ባለ ግሮሰሪው ቢያንስ የገዢውን ፊት ያያል። በስልክ ሲታዘዝ ፊት የሚያየው ሾፌሩ ብቻ ነው፣ ስለዚህ መጠየቅ ያለበትም እሱ ነው።

አሜሪካ ያለችው እህቴ በዕቃ አመላላሽ ድርጅት በኩል ወይን አዝዛ ታውቃለች። እዚያ ሕጉ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ይለያያል፤ ዕቃው ግን 21 ዓመት የሞላው ሰው መታወቂያ አሳይቶ ካልፈረመ አይሰጥም። አንድ ቀን እቤት ልጆች ብቻ ስለነበሩ ይዘውት ተመለሱ። ያኔ ተናዳ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ትክክል ነበሩ።

እኛም ጋ ከባድ አይደለም። የቀበሌ መታወቂያ አለ፣ ፋይዳ በየስልኩ ውስጥ ነው። «ትልቅ ሰው ጥራልኝ» ለማለት ደግሞ ምንም አያስፈልግም።

ለሾፌሮቹ እንነግራለን ብለውኛል። ለጥር የአጎቴ ልጅ ሰርግ አለብን። ከዚያ በፊት አንድ ወይን አዝዤ በሩን ልጁ እንዲከፍት አደርጋለሁ። ከጠየቁት የሰርጉን መጠጥ በሙሉ የማዘው ከእነሱ ነው፤ ካልጠየቁት ግን ባጃጅ ተኮናትሬ ከግሮሰሪ ራሴ አመጣለሁ።