የበርበሬ ንግዴን በጽሑፍ ያስተዋወቁልኝ ልጆች

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። በርበሬ፣ ምጥን ሽሮና ሚጥሚጣ አዘጋጅቼ በቴሌግራም እሸጣለሁ። ክፍያው በቴሌብር፣ እቃው በሞተረኛ። ሱቅ ስለሌለኝ ገዢው አሽትቶ፣ በጣቱ ነክቶ አያይም። መተማመኛው የምጽፈው ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ ጽሑፍ ማሠራት ያዋጣል ወይ ብላችሁ በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ በደንብ ልመልስ።

ያሠራሁት ቱሉ ዲምቱ ላይ ጠባብ ቢሮ ተከራይተው ለትናንሽ የኦንላይን ንግዶች የሚጽፉ ልጆች ጋ ነው። በጣም የወደድኩት አጀማመራቸውን ነው። አንድ መስመር ሳይጽፉ ደንበኞች የሚጠይቁኝን ነገር በሙሉ እንድነግራቸው አደረጉ። ማረቆ ነው አላባ? ኮረሪማው ስንት ገባበት? ባለፈው ከሌላ ቦታ የገዛሁት ለምን ሻገተብኝ? ውጭ አገር ለምልክለት ሰው ይቆይለታል? ከዚያ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ጽሑፍ።

ስለ መሻገት የጻፉት እስካሁን ሰው ያመጣልኛል። በርበሬው ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ከተደለዘ በኋላ እንደገና ፀሐይ ላይ በደንብ ካልደረቀ እርጥበቱን እንደያዘ ይፈጫል፣ ተፈጭቶም ገና ትኩስ እያለ በፌስታል ከታሰረ ደግሞ ይባስ ይበላሻል። ይህን ማንኛዋም እናት ታውቀዋለች። ግን ተጽፎ ሲገኝ፣ ከነፎቶው ሲታይ፣ ገዢው "ይቺ ሴትዮ ሥራዋን ታውቃለች" ይላል። አንብቦ የመጣ ሰው ብዙም አይከራከርም፣ ስንት ኪሎ እንደሚፈልግ ነው የሚነግረኝ።

የሚያወጡበትን ቦታም አስበውበታል። ቴሌግራም ላይ ፕሪሚየም ለሌለው ሰው በፎቶ ስር የሚጻፈው ከ1,024 ፊደል አያልፍም፣ ስለዚህ ረዘም ያለውን ቴሌግራፍ በሚባለው የቴሌግራም የጽሑፍ ማውጫ ገጽ ያወጡታል። ነፃ ነው፣ እዚያው ቴሌግራም ውስጥ ቶሎ ይከፈታል፣ ኔትወርክ ደካማ ለሆነብን ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው። በጉግል ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ብሎገር በሚባለው የጉግል የብሎግ ገጽ ላይ ያስቀምጡታልና ሰው ምን ብሎ ጽፎ እንዳገኘኝ የሚያሳየውን ሰርች ኮንሶል ከፍተውልኛል። እሱም ነፃ ነው።

ከእነሱ በፊት ጽሑፍ ያሠራሁበት ሌላ ድርጅት ነበር፣ ስሙን አልጠራም። ጽሑፍ በጅምላ ነው የሚሸጠው። "ምርጥ በርበሬ በአዲስ አበባ" የሚል ሐረግ በየመስመሩ ይሰካል። በኋላ ማር የምትሸጥ ጓደኛዬ ገጽ ላይ ያንኑ ጽሑፍ በርበሬው በማር ተተክቶ አየሁት። በጣም ነው የተናደድኩት! ጉግል እንዲህ ያለውን ሲዋጋ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 ፓንዳ በተባለው ለውጥ ጽሑፍ በገፍ የሚያመርቱ ገጾችን ወደ ታች አወረደ፤ በ2024 ደግሞ የፍለጋ ደረጃ ለመያዝ ብቻ በብዛት የሚመረቱ ገጾችን፣ ሰውም ይጻፋቸው ማሽን፣ አይፈለጌ ብሎ ፈርጇል። እንዲህ ዓይነት ጥቅል የሚሸጥላችሁ ካለ አትክፈሉ።

የቱሉ ዲምቱዎቹም ጉድለት አላቸው። ይዘገያሉ። የሽሮ ጽሑፍ ዓቢይ ጾም ከመግባቱ ቀደም ብሎ መውጣት አለበት፣ ሰው ሽሮውን የሚያስፈጨውና የሚገዛው ያኔ ነው፤ የእኔ የወጣው ግን ጾሙ ከገባ በኋላ ነው። አንዱ ጽሑፍ ላይ ደግሞ በርበሬዬ ለጨጓራ እንደሚስማማ ጽፈው ነበር። አስወጣሁት። የማላውቀውን ነገር ብዬ እቃ አልሸጥም፣ እናንተም ከመለጠፋችሁ በፊት እያንዳንዱን መስመር አንብቡ።

ዋጋቸው ለአንድ ጽሑፍ የሁለት ኪሎ በርበሬ ሂሳብ ገደማ ነው፣ ግማሹ ቅድሚያ ይከፈላል። ለሥራው አይበዛም። ፎቶ ግን አይጨምርም፣ ራሳችሁ አንሱ። ትርፋችሁ ገና ኪስ የማይሞላ ከሆነ ደንበኛ በብዛት የሚጠይቃችሁን አንዱን ብቻ አስጽፉ፣ ሌላውን እንደ አነጋገራችሁ ራሳችሁ ጻፉት።

ቅር ያለኝ አንድ ነገር ቀርቷል። የበርበሬ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል፣ እነሱ ግን ጽሑፉ ውስጥ ያለችውን አንዲት ቁጥር ለማስተካከል እንደገና ያስከፍላሉ። ዋጋ ጽሑፉ ውስጥ እንዳይገባ ከመጀመሪያው ንገሯቸውና ከቻናላችሁ ጋር በሊንክ ያገናኙት።