ለአባከስ መምህርታችን፦ እጅዎን ቁርጥማት አይንካው

ትናንሽ ልጆችን በአባከስ (በዘንግ ላይ ፍሬ እየተገፋ በሚሰላበት መሣሪያ) ሒሳብ ለሚያስተምሩልን መምህርት ምስጋናችን ከልብ ነው። ትንሽ ልጅ ያላችሁ ሁሉ ወደ እሳቸው ውሰዱ። ደግመን እንላለን፣ ውሰዱ።

እኛም ሒሳብ አስተማሪዎች እንደመሆናችን ዝም ብለን አናወድስም። አባከስ እናስተምራለን የሚሉ ስንት ቦታዎች አሉ! ስም መጥራት አያስፈልግም። ልጁ ገና ፍሬውን በወጉ ሳይለምድ በሐሳቡ አባከስ እያየ የሚያሰላ ይመስል ጣቱን አየር ላይ እንዲያወዛውዝ ያደርጉታል፤ ወላጅ አይቶ ይደነቃል፣ በልጁ ጭንቅላት ውስጥ ግን የሚንቀሳቀስ ፍሬ የለም። ሰዓት ይዘው ያጣድፉታል። ሲሳሳት በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አድርገው ያልፋሉ፤ የቱ ጋ እንደሳተ የሚጠይቀው የለም። ከሁሉ የሚያንገበግበው ልጁ «ሒሳብ አልችልም» ብሎ መውጣቱ ነው።

እኚህ መምህርት አይቸኩሉም። ለአምስት ዓመት ልጅ መጀመሪያ የሚሰጡት ሁለት ዘንግ ያለውን አባከስ ነው፤ በእያንዳንዱ ዘንግ 5 ቀይና 5 ነጭ ፍሬ አለ። ልጁ አንድ፣ ሁለት እያለ ሳይቆጥር 7ን «አምስትና ሁለት» ብሎ በአንድ ግፊት ሲያሳይ ብቻ ወደ ጃፓኑ አባከስ፣ ወደ ሶሮባን፣ ያሻግሩታል። እዚያ እያንዳንዱ ዘንግ ከአግዳሚው (ፍሬዎቹን ከላይና ከታች ከሚለየው እንጨት) በላይ 5 የሚያወጣ አንድ ፍሬ፣ ከታች አንድ አንድ የሚያወጡ 4 ፍሬዎች አሉት፤ የሚቆጠረው ወደ አግዳሚው የተጠጋው ነው። ለልጅ 13 ዘንግ ያለው ይበቃል። አውራ ጣት የታችኞቹን ወደ ላይ ይገፋል፤ የቀረው የአመልካች ጣት ሥራ ነው። ከመጀመሩ በፊት ልጁ አባከሱን ወደ ራሱ ያዘነብላል፣ መልሶ ያስተኛል፣ ከዚያ ከአግዳሚው በላይ በአመልካች ጣቱ ጠርጎ የላይኞቹን ያነሳል። ይህን የዘለለ ልጅ ያለፈውን ሒሳብ ቅሪት አብሮ ይደምራል።

አንዲት ልጅ 4 ላይ 3 ስትደምር 9 አወጣች። ከታች ፍሬ ስላለቀባት የላይኛውን 5 አውርዳ ቆማለች። መምህርቷ «ተሳሳትሽ» አላሉም። አጠገቧ ቁጭ ብለው፣ «የኔ ቆንጆ፣ የተጠየቅነው ሦስት፣ የሰጠነው አምስት። ስንት ይመለስልን?» አሏት። ልጅቷ ፍሬዎቹን ትንሽ አየት አደረገችና ሁለቱን ወደ ታች መለሰች። 7። የ3 «የአምስት ጓደኛ»፣ ማለትም አብሮት 5 የሚሞላው ቁጥር፣ 2 መሆኑን የነገሯት ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ትዕግሥት የትም አላየንም፤ እጅዎን ቁርጥማት አይንካው እንላለን።

«የአስር ጓደኛ» (አብሮ 10 የሚሞላው ቁጥር) ላይ ሲደርሱ ስህተቱን ከመልሱ ያነቡታል። 8 ላይ 7 ለመደመር ፍሬ አይበቃም፤ 3 ይቀነስና በግራው የአስር ዘንግ አንድ ይጨመራል፣ 15። ልጁ 5 ካለ አስሩን ረስቷል። 11 ካለ የቀነሰው 3ን ሳይሆን ራሱን 7ን ነው። የሁለቱ መድኃኒት ለየቅል ነው፣ እሳቸውም ለየብቻ ያክሙታል። 6 + 7 ላይ የሚቆመውን ወደ አምስት ጓደኛ ይመልሱታል፤ ምክንያቱም እዚያ 3 ለመቀነስ ከታች የወጣው ፍሬ አንድ ብቻ ነው፣ 2 ጨምሮ 5ቱን ማንሳት ግድ ይላል። አባከሱን ሸፍነው በሐሳብ ማስላት የሚጀምሩት ይህ ሁሉ ከጣት ጋር ከተዋሐደ በኋላ ነው፤ ያውም ከአንድ ዘንግ።

እባካችሁ ልጆቻችሁን ውሰዱላቸው። መጀመሪያ አንድ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ቤት ውስጥ በየቀኑ 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ልጁ ፍሬውን ሲያንቀሳቅስ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይበል፣ እናንተም ሰዓት አትያዙበት።