የጫጉላ ሽርሽር፦ ዛንዚባር ወይስ ሲሸልስ?

ጎንደር ሠርግ የሚበዛው ከጥምቀት በኋላ በጥር፣ ከዚያም ከፋሲካ በኋላ ነው። ደንና ባሕር አንድ ላይ የሚያምራችሁ ሙሽሮች ታዲያ መጀመሪያ የሠርጋችሁን ወር እዩ።

በጥር ለምታገቡ ዛንዚባር ትሻላለች። ወሩ ፀሐያማ ነው፣ ባሕሩም ይሞቃል። ጆዛኒ ደን ውስጥ ከዛንዚባር ውጭ የማይገኘውን ቀይ ጉሬዛ በቅርብ ታያላችሁ። ሆቴል ስትይዙ ግን ተጠንቀቁ! በምሥራቁ ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ርቆ ይሸሻል፤ መዋኘት ስትፈልጉ አሸዋ ብቻ ሊጠብቃችሁ ይችላል። በሰሜን፣ ኑንግዊ አካባቢ፣ ይህ ብዙም አያስቸግርም።

ሲሸልስ በጥር ዝናብ ይበዛባታል። በሚያዝያ ግን ነፋሱ ጋብ፣ ውሃው ጥርት ይላል፤ ዛንዚባር በተራዋ ዝናብ ላይ ናት። ፕራስሊን ደሴት ላይ ያለው የቫሌ ደ ሜ የዘንባባ ጫካ በዩኔስኮ የተመዘገበው በ1983 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከፋሲል ግቢያችን 4 ዓመት ዘግይቶ። ዋጋዋ ይከብዳል። አቅሙ ካላችሁና ፀጥታ ከፈለጋችሁ ግን ምርጫዬ እሷ ናት።

ለሁለቱም መንገዱ በቦሌ ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን ቀደም ብላችሁ አዘጋጁ።